የእትዬ ነብያት ሆድ ዝም ያለ ዕለት

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ፣ ከሦስቱ የአንዷ ሆድ ከዜና ማሰራጫ ይቀድማል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። የምትኖሩበትን ሕንፃ ወይም የምትጸልዩበትን አዳራሽ እስቲ አንድ ጊዜ በሐሳባችሁ ዙሩት፤ እንዲህ ያለች ሴት አለች። መኪና ልትገዙ ስትሉ፣ ቤት ስትቀይሩ፣ አውሮፕላን ልትሳፈሩ ሻንጣችሁን ስትዘጉ ስልኩ ይጮኻል። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የሚመጣው ረጅም ትንፋሽ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አይ፣ ምንም አይደለም። ብቻ ሆዴን ባር ባር ብሎታል።"

ምንም ካልሆነ ለምን ተደወለ? ይህን ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ነብያት ናቸው። አባታቸው ይህን ስም ሲያወጡላቸው ምን እየጋበዙ እንደሆነ ያሰቡ አይመስለኝም። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኛ ከአዲስ አበባ ልጆች ይልቅ የተስተካከለ ነው፤ ትግርኛቸው ብቅ የሚለው ሲቆጡና ሲራሩ ብቻ። ዴንቨር ውስጥ ሰላሳ ዓመት አረጋውያንን ሲንከባከቡ ቆይተው፣ ራሳቸው አረጋዊ ሲሆኑ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ግሌንዴል በሚገኝ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኛም ኦሮራ ቤት እስክንገዛ ድረስ እዚያው ፎቅ ላይ በር ለበር ነበርን። እኔና ባለቤቴ ትርፌ በፈረቃ ስንሯሯጥ ልጃችንን ሔቨንን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

የስልካቸው የሚያስፈራው ነገር ድምፃቸው አይደለም። እትዬ ነብያት አይጮኹም፤ አያለቅሱም። ይልቁንም ድምፃቸውን ዝግ አድርገው፣ አጠገባቸው የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቁ ይመስል ነው የሚናገሩት። አጠገባቸው ግን ማንም የለም። ይህን እያወቅኩ እንኳ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዞር ብዬ በሩን የማየት ልማድ አለኝ።

ካስጠነቀቋቸው ነገሮች ውስጥ ከሞላ ጎደል አንዱም አልደረሰም። ሎውሪ ያለ ትምህርት ቤት በጥገና ሠራተኛነት ስቀጠር፣ "ያ ሰፈር የጦር አውሮፕላን ሰፈር ነበር አሉ። ሆዴን ባር ባር ብሎታል" አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁበት። የገጠመኝ ትልቁ አደጋ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ያስነሳው ጎርፍ ነው። ትርፌ መንጃ ፈቃድ ልትፈተን በሄደች ቀን ሆዳቸው ተነሣ፤ እሷ አለፈች። ጣሪያችንን በረዶ ሊመታው ነው ባሉበት ሳምንት ፀሐይ ወጣች፤ በረዶው የመጣው እሳቸው ስለ ጣሪያ ምንም ባላሉበት ሳምንት ነው።

ፓርክ ሂል ውስጥ፣ በአንድ ወዳጃችን ጓሮ ሠርግ ተደግሶ ነበር። እትዬ ነብያት ድንኳኑን ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄ ድንኳን ሰው ላይ ይወድቃል" አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ካለ በኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። እሳቸው የባሕል ልብሳቸውን እንደለበሱ ሄደው የመሐሉን ምሰሶ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ተዘፈነ፤ እሳቸው እንደ ቆሙ ናቸው። ምግባቸውን ትርፌ አጎረሰቻቸው። ድንኳኑ አልወደቀም። ሲመሽ ምሰሶውን ለቀው ወደ እኔ መጡና፣ "አየህ?" አሉኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ተጠይቀው ሲመልሱ፣ "ስጦታም ሊሆን ይችላል፣ ጨጓራም ሊሆን ይችላል፤ እንጸልይበት" ብለዋል። ከዚያ በኋላ እኛም ስንጸልይበት ኖርን፤ ማለትም እናሾፍበት ነበር።

ነገር ግን አንድ ቀን አለ። ስለዚያ ቀን ማንም አያሾፍም።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ በየካቲት፣ እሁድ ከሰዓት። ውጭው በረዶ ነው፤ ሕንፃው ጭር ብሏል። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ እትዬ ነብያትን ኮሪደሩ መሐል በባዶ እግራቸው ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው በር ላይ ነው። እዚያ የሚኖረው ሰረቀ የሚባል የአየር ማረፊያ መኪና የሚነዳ፣ እሳቸውም የሚያውቁት የአስመራ ሰው ነው።

"አንኳኳ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ተኝቶ ይሆናል፤ ትናንት ሲሠራ ነው ያደረው።"

"አልተኛም። አንኳኳ።"

አንኳኳሁ። መልስ የለም። እጀታውን ስሞክረው አልተቆለፈም። ሰረቀ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ይናገራል፤ ጭኑ ላይ ያልተበላ ሳንድዊች አለ። ጉንጩ ቀልቷል፤ ዓይኑ በግማሽ ተከፍቶ ወደ እኛ ያያል፤ ግን አያየንም። የቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ሽታ የሌለው ጋዝ ሲተፋ ነበር የዋለው። የእሳት አደጋ ሰዎች በኋላ ሲነግሩን፣ ትንሽ ቢቆይ አይተርፍም ነበር አሉ። ሰረቀ ተረፈ። እትዬ ነብያትን ግን እንዴት አወቁ ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ከዚያ ወዲህ እናሾፋለን፤ ስልኩን ግን ሁላችንም እናነሳለን።

ባለፈው ጥር ሔቨን አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሆነ። እኩዮቿ መኪና ይጠይቃሉ። የእኛዋ ከማናቲ ጋር መዋኘት ነው የምፈልገው አለች። ማናቲ ማለት የባሕር ላም የሚሉት፣ ፍሎሪዳ ወንዞች ውስጥ የሚኖር፣ ከመኪና ያልተናነሰ ርዝመት ያለው ሣር በል እንስሳ ነው። ክረምት ሲገባ ሞቅ ያለ ውሃ ወደሚፈልቅባቸው ምንጮች ይሰበሰባል፤ ሰውም በጀልባ ሄዶ አብሮት ይንሳፈፋል። ሔቨን በትምህርት ቤት ፕሮጀክት ሠርታበት ሦስት ወር ሌላ ወሬ አልነበራትም። "ዳድ፣ ፕሊዝ። ሲክስቲን የሚሞላኝ አንዴ ነው" አለችኝ።

ትርፌ ከሥራዋ ፈቃድ አላገኘችም። ለእኔና ለሔቨን ትኬት ልቆርጥ በተቀመጥኩበት ስልኩ ጮኸ። ረጅም ትንፋሽ።

"ውሃ ልትገቡ ነው አሉ።"

"ማን ነገረዎት፣ እትዬ?"

"ሆዴን ባር ባር ብሎታል።"

"ታዲያ እንተወው?"

"ማን ተዉት አለ? ለእኔም ቁረጥ።"

እንዲህ ናቸው እንግዲህ። ለልጅቷ ቃል ተገብቷልና ጉዞው አይቀርም፤ ካልቀረ ደግሞ እሳቸው ሊቀሩ አይችሉም። እስከ ታምፓ በበረርንባቸው ሰዓታት ሁሉ የመቀመጫውን እጀታ እንደዚያ ሠርግ ምሰሶ አጥብቀው ይዘው ነበር። አውሮፕላኑ በሰላም ያረፈው በእሳቸው እጅ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ከታምፓ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድቼ ወንዙ አጠገብ ያለች ሞቴል አደርን። በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የጀልባው ድርጅት ቢሮ ደረስን። አስጎብኚያችን ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ ፀሐይ የጠገበ ሴት ናት፤ ስሟ ብሩክ። እትዬ ነብያት ስሙን ሲሰሙ ትንሽ ተረጋጉ። "የወንድ ስም ነው፤ ቢሆንም መልካም ስም ነው" አሉኝ። ብሩክ የመዋኛውን ደንብ የሚያስረዳ ቪዲዮ አሳየችን። አትንኩ፣ አታባርሩ፣ አትንጫጩ፣ አትጩኹ። እንስሳው ሲተኛ ወይም ልጁን ሲያጠባ ድምፅ ይረብሸዋል።

ከዚያ ጠባቡ የጎማ ልብስ መጣ። እኔን ለማልበስ አሥር ደቂቃ ፈጀ። እትዬ ነብያትን ለማልበስ ሔቨን፣ ብሩክና አንድ አጭር ጸሎት አስፈለጉ። "እርስዎ ከጀልባው አይወርዱም፤ ምን ያደርግልዎታል?" ብላቸው፣ "ለብሼ ልቀመጥ" አሉ። ከላይ የሕይወት አድን ጃኬት ደረቡ፤ በራሳቸው ላይ ደግሞ ያን የማይለያቸውን ነጭ ሻሽ አሰሩ።

ስንወጣ ወንዙ የለም።

ጉም ነው። አየሩ ብርዳም፣ ውሃው ሞቅ ያለ ስለሆነ ወንዙ በሙሉ እየተነፈሰ ነበር። ካፒቴኑ ጢማም፣ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ከፊት ለፊቴ ያለው የጀልባዋ ጫፍ እንኳ አይታየኝም። አንዳንዴ የእንጨት ምሰሶ ከነጩ ውስጥ ይወጣና አጠገባችን ደርሶ ይጠፋል። አንደኛው ምሰሶ ላይ ረጅም ወፍ ቆማለች፤ አንገቷን ዞር አድርጋ ተራ በተራ አየችን። ከእኛ ሌላ የተሳፈሩት ከሌላ ስቴት የመጡ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ማውራት አቁመዋል።

ለቀልድ ያህል፣ "እትዬ፣ ሆድዎ ምን ይላል?" አልኩ።

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"ዝም ብሏል።" ይህን ሲሉ አላዩኝም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ጉሙን ያያሉ።

በሃያ ዓመት ውስጥ የእትዬ ነብያት ሆድ ዝም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሳያስጠነቅቁን ፒዛ እንኳ አዝዘን አናውቅም። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፈራሁ።

ጀልባዋ ቆመች፤ ሞተሩ ጠፋ። ብሩክ ለእያንዳንዳችን የመተንፈሻ ቱቦና ረጅም የስፖንጅ መንሳፈፊያ ሰጠችን፤ መንሳፈፊያውን በብብታችሁ ያዙ፣ ፊታችሁን ወደ ውሃው ድፉ፣ አትወራጩ አለችን። ሔቨን እንደ ዓሣ ገባች። ባልና ሚስቱ ተከተሉ። እኔ መዋኘት የተማርኩት በአርባ ዓመቴ፣ ኦሮራ የመዝናኛ ማዕከል ገንዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ፈራሁ ብሎ መቆም ይቻላል። መሰላሉን ይዤ ወረድኩ።

ውሃው አረንጓዴና ደብዛዛ ነው። ከታች የወንዙ ወለል ይታየኛል፤ ግራጫ፣ ሸካራ፣ ሣር የበቀለበት። በመተንፈሻ ቱቦዬ ቀስ እያልኩ ተነፈስኩ፤ ትንሽ ተረጋጋሁ። ወለሉን እያየሁ ሳለ ወለሉ ተንቀሳቀሰ።

ወለል አልነበረም። ጀርባ ነበር። ቀስ ብሎ ከሥሬ ተነሣ። ጀርባው ላይ የጀልባ ሞተር የቆረጠው ጠባሳ ነጭ መስመር በነጭ መስመር ተደርድሯል። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዓይኑ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ ነው፤ ዙሪያው እንደ ሽማግሌ ዓይን ተጨማዷል። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ክፋት የለበትም፤ ምንም የለበትም። ከዚያ አፍንጫውን ከውሃው በላይ አውጥቶ ተነፈሰ። "ፉ" አለ፤ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው። ከጉሙ ውስጥ ሌላው "ፉ" ብሎ መለሰለት፤ ከወዲያ ሌላው፤ ከኋላዬ ሌላው። አንዳቸውም አይታዩም።

ምን ያህል እንደተከተልኩት አላውቅም። መከተሌንም አላውቅም ነበር፤ ጅረቱ ነው የወሰደኝ። ቀና ስል ጀልባዋ የለችም። ሔቨን የለችም። ያለው ነጭ ብቻ ነው፤ ላይም ታችም ጎንም አንድ ዓይነት ነጭ።

ለምን አልጮህክም ትሉኝ ይሆናል። አትጩኹ ተብለናል። ደግሞ አፈርኩ፤ የሃምሳ ዓመት ሰው የመጀመሪያው ጠፊ መሆኑ አሳፈረኝ። "ሔቨን?" አልኩ በቀስታ። ጉሙ ድምፄን ከአፌ ላይ ወሰደው። ውሃው እየቀዘቀዘ መሆኑ ገባኝ፤ ከሞቃቱ ምንጭ እየራቅኩ ነው ማለት ነው። እግሬን ወደ ታች ሰደድኩ፤ የሚነካ ነገር የለም። በዙሪያዬ ያለው ትንፋሽ ቀረበ። "ፉ"። "ፉ"።

ከዚያ በስሜ ጠሩኝ።

"ግዛው!"

የእትዬ ነብያት ድምፅ ነው፤ ከግራ በኩል። ያ በስልክ የማውቀው ዝግ ያለ ድምፅ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ወደዚያ መዋኘት ጀመርኩ። ውሃው ይበልጥ ቀዘቀዘ፤ ጠቆረም። የወንዝ ሣር ቁርጭምጭሚቴን ያዘ፤ ታግዬ አላቀቅኩት። "ግዛው!" አሁንም ከፊት፤ ትንሽ ራቅ ብሎ።

ልቀጥል ስል ከፊቴ አንድ ማናቲ ጎኑን ሰጥቶ ብቅ አለ። ከብብቷ ሥር ትንሽ ግልገል ስላለ እናት መሆኗን አወቅኩ። አልገፋችኝም፤ አልነካችኝም። ዝም ብላ መንገዱ ላይ ተኛች። በቀኝ ልዞር ስል ጅራቷን አንዴ አንቀሳቅሳ እዚያም ሆነች። እንስሳ ነች፤ ልጇን እያጠባች ነው፤ እኔ ላይ ሐሳብ የላትም እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ግን ቆምኩ።

በቆምኩበት ከጀርባዬ ሹክሹክታ ሰማሁ። በትግርኛ የሚጸልይ ሰው ነው። ዞርኩ።

ከጉሙ ውስጥ የሰው ራስ በውሃው ላይ ቆሞ ወደ እኔ ይመጣል። ነጭ ሻሽ አስሯል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። እትዬ ነብያት ናቸው። መዋኘት የማይችሉት፣ ገንዳ ዳር እንኳ ቆመው የማያውቁት እትዬ ነብያት፣ በሁለት ብብታቸው ሁለት ስፖንጅ ይዘው፣ ወገባቸው ላይ ገመድ አስረው፣ ውሃውን በእጃቸው እየጠረጉ መጡ። ገመዱ ከኋላቸው ጉሙ ውስጥ ይገባል።

"ገመዱን ያዝ" አሉኝ። "ወደይ፣ ልጄ፣ አትናገር። ገመዱን ብቻ ያዝ።"

ያዝኩ። ገመዱን ሁለቴ ሳብ አደረጉት፤ ከዚያኛው ጫፍ ካፒቴኑ ይጎትተን ጀመር። የመሰላሉን ብረት በጨበጥኩበት ቅጽበት የሌላ ጀልባ ሞተር ተሰማ። በጉሙ ውስጥ ሳናየው፣ ቅድም ልሄድበት በነበረው በኩል፣ በፍጥነት እየነዳ አለፈ። ማዕበሉ መጥቶ ጀልባችንን አወዛወዛት። ካፒቴኑ ወደዚያ አቅጣጫ ተመለከተ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። ጀልባዎች የሚመላለሱበት መስመር እንደሆነ በኋላ ብሩክ ነገረችኝ።

ብሩክ ፊሽካ ነፍታ ሌሎቹንም ሰበሰበች። ሔቨን ምንም አላወቀችም ነበር፤ ስትሰማ አቅፋኝ ከጎማ ልብሴ ጋር ተጣበቀች። ብርድ ልብስና ትኩስ ቸኮሌት ሰጡን። የእትዬ ነብያት ጥርስ ይንገጫገጫል፤ የእኔም እንደዚሁ።

"ባይጠሩኝ ኖሮ..." አልኩ።

"ማን ጠራህ?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ። ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። በዚያ በኩል።" እጄን ዘረጋሁ።

እትዬ ነብያት እጄ ወዳመለከተበት አዩ። "እኔ አልጠራሁህም" አሉ። "አትጩኹ ተብሎ የለ? ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው እዚያ በኩል የሆንኩት?"

ካፒቴኑን ጠየቅሁ። ማንም አልተጣራም አለ። ሔቨንን አየኋት። "ዳድ፣ ኖባዲ ኮልድ ዩ" አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

 እትዬ ነብያት የብርድ ልብሴን ጫፍ ይዘው ራሴን እንደ ሕፃን ሸፈኑኝና፣ "ያንን ነገር ደግመህ አታውራው" አሉ።

እኔ ከጠፋሁ በኋላ ጀልባዋ ላይ የሆነውን ያወራን ካፒቴኑ ነው። ሴትዮዋ ተቀምጠው ጉሙን ሲሰሙ ቆይተው በድንገት ተነሡ፤ "ዋን ማን ጎን"፣ አንድ ሰው የለም አሉት። ሁሉም ደህና ነው፣ አይጨነቁ አላቸው። ሁለተኛ አላስረዱትም። ገመዱን ራሳቸው ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጫፉን እጁ ላይ አስጨብጠውት መሰላሉን ወረዱ። ሰውዬው ሊያስቆማቸው ሲያስብ ሻሻቸው ብቻ ነበር የሚታየው።

"እንዴት አወቁ፣ እትዬ? ሆድዎ ነገረዎት?" አልኳቸው።

"የምን ሆድ? አንተ ስትፈራ ትስላለህ።"

"እኔ? አልስልም።"

"ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ፣ ዩ ቶታሊ ዱ" አለች ሔቨን።

"ከጀልባ ስትወርድ ጀምረህ ስትስል ነበር፤ በቱቦው ውስጥ ሳይቀር" አሉ እትዬ ነብያት። "ሳልህን እየሰማሁ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ራቀ። ከዚያ ጭራሽ በማይሆን በኩል ሆነ። ሳልህ ወዳለበት መጣሁ፤ ሌላ ምን አለ?"

ሃምሳ ዓመት ኖሬ ስፈራ እንደምስል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት ዴንቨር ገባን። ከአየር ማረፊያ ስንወጣ ሔቨን ከኋላ እንቅልፍ ወስዷታል። ወደ ግሌንዴል እየነዳሁ ሳለ፣ "እትዬ፣ ይሄ የሆድዎ ነገር ግን እውነት ነው?" አልኳቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

 ሳቁ። "አብዛኛው ውሸት ነው" አሉ።

መኪናዋን ከመስመሯ ልትወጣ ስትል መለስኳት። "ውሸት?"

"አንተ ራስህ ፍረድ። ደህና ናችሁ ወይ ብዬ ብደውል፣ ደህና ነን ትሉኝና ትዘጋላችሁ። አንድ ደቂቃም አይሞላ። ሆዴን ባር ባር ብሎታል ስላችሁ ግን ግማሽ ሰዓት ታወሩኛላችሁ። የት እንደምትሄዱ፣ ከማን ጋር፣ ምን እንደምትለብሱ ሁሉ ትነግሩኛላችሁ። ሻሂዬ እስኪያልቅ አብራችሁኝ ትጠጣላችሁ።"

 ኦሮራ ከገባን ወዲህ ቤታቸው ስንት ጊዜ እንደሄድኩ እዚህ ልጽፍ አልፈልግም። በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

"የሰረቀስ ነገር?" አልኩ በመጨረሻ። "የጋዙ?"

ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። "እሱን አላውቅም፣ ወደይ" አሉ ዝግ ብለው። "እሱን እኔም ራሴ እፈራዋለሁ።"

ሌላ ጊዜ በር ላይ አድርሻቸው፣ ሻንጣቸውን አሳንሰሩ ውስጥ አስገብቼ እመለስ ነበር። ያን ቀን መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ። ሔቨንን ቀስቅሼ ሦስታችንም ወጣን። ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ አንድ ወንበር ብቻ ከጠረጴዛው ወጣ ብሎ ይታያል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ተጠግተው ተቀምጠዋል። ሔቨን ወንበሮቹን ሳትጠየቅ አወጣቻቸው። እኔ ውሃ ልቀዳ ወደ ማቀዝቀዣው ሄድኩ፤ በሩ ላይ በማግኔት የተያዘ ወረቀት አየሁ።

በዚያ በተማሩበት ዘመን ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ የሁላችንም ስም ከመደወያ ሰዓቱ ጋር ተጽፏል። ትርፌ፦ ማክሰኞ አይሆንም፣ ደክሟት ነው የምትገባው። ሔቨን፦ ረቡዕ ከትምህርት ስትወጣ፣ አጭር፣ ትቸኩላለች፤ ፈተና ካለባት በፊቱ ቀን። ሰረቀ፦ በማንኛውም ሰዓት። የሌሎችም አለ፣ የአሥራ አምስት ሰው ይሆናል፤ ማን መቼ እንደሚወጣ፣ ማን መቼ እንደሚተኛ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚከፋው። ከእኔ ስም ትይዩ ሰዓት የለም። ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ የደመቀ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያለው።

ውሃውን ሳልቀዳ ቆምኩ። ማግኔቱ ላይ እስክሪብቶ በክር ታስሯል። ወሰድኩና የጥያቄ ምልክቱን ሰረዝኩ፤ አጠገቡም፣ "ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ከሥራ መልስ፣ ምሳ እዚህ" ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ነብያት ከኋላዬ መጡ። መነፅራቸውን አጠለቁና እንደ ውል እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ዓይናቸውን በመነፅሩ ሥር አበሱ።

"ስምንት ተኩል ደግሞ ምሳ ይባላል?" አሉ። "ሰባት አድርገው። አለቃህን አስፈቅድ።"

ስምንት ተኩሉን ሰርዤ ሰባት ብዬ ጻፍኩ።